የሳራ አባት ከሞት ሲነሣ

ጥቁር ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ጣሪያ ሥር ባለች ጨለማ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ትስላለች። ክቡ ሲገጥም መካከሉ ገብታ ጥቅልል ብላ ትተኛና አባቷን እየጠራች ታለቅሳለች። ክቡ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ ያውቃል። ፊልሙ የተከፈተው ሕንድ አገር ውስጥ፣ ልዑል ራማ ሚስቱን ሲታን ክፉ እንዳይነካት በዙሪያዋ ክብ እንደሳለላት በሚናገረው የራማያና ተረት ነው። ልጅቷ ተረቱን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለጓደኞቿም ትተርክላቸዋለች። አሁን ግን ራማ የለምና ክቡን የምትስለው ራሷ ናት። ለልጆች ከተሠሩ ፊልሞች መካከል ሐዘንን በዚህ ልክ ፊት ለፊት ያዩት ጥቂት ናቸው። የሚያጽናና ሰው አይገባም፣ ቀልድ አይከተልም፣ ክቡም ምንም አይከላከልም።

ሜክሲኳዊው አልፎንሶ ኩዋሮን ይህን «ትንሿ ልዕልት» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1995 ለዋርነር ብራዘርስ ሲሠራ በሆሊዉድ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት በ1905 ያሳተመችው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ከልጆች እጅ ያልወጣ ልብ ወለድ ነው። ካሜራውን የመራው ኢማኑኤል ሉቤዝኪና የትዕይንቱን ዓለም የነደፈው ቦ ዌልች ሁለቱም ለኦስካር ታጭተውበታል፤ ይገባቸዋልም። ትምህርት ቤቱ ከግድግዳው እስከ ተማሪዎቹ ልብስ አረንጓዴ ውስጥ ተነክሯል፣ ሕንድ ደግሞ በወርቃማ ብርሃን ታጥባለች፤ ልጅቷ ከየትኛው ዓለም ወደየትኛው እንደወደቀች ዓይን ያለ ቃል ይረዳዋል። ይህን ሁሉ የሠራ ፊልም መጨረሻው ላይ ከደራሲዋ ጋር ይለያያል። በመጽሐፉ የሳራ አባት ይሞታል፣ ሞቶም ይቀራል። በፊልሙ ሞተ ተብሎ መርዶው ከተነገረ በኋላ፣ ጎረቤት ቤት ውስጥ ማንነቱን ረስቶ በሕይወት ይገኛል። ለውጡ ታሪኩን ከማጣፈጥ ያለፈ ነገር አድርጓል፤ መጽሐፉ ለልጆች ሊነግራቸው የተነሣበትን ዋና ጉዳይ ነቅሎ ጥሎታል። መጽሐፉ የሚለው፣ የሞተ አባት ባይመለስም የልጁ ሕይወት በሌሎች ሰዎች እጅ እንደገና ሊቆም ይችላል ነው። ለሙት ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ወሬ የለም።

በልብ ወለዱ የሳራ አባት ካፒቴን ክሩ ሕንድ የሚኖር ባለጸጋ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ፈረንሳዊት ሚስቱ ልጃቸው ስትወለድ ሞታለች። ሳራን በሰባት ዓመቷ ለንደን አምጥቶ ሚስ ሚንቺን የምትመራው አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባታል፤ የግል ክፍል፣ ሠረገላ፣ ፈረንሳዊት ደንገጡር፣ ኤሚሊ የተባለች አሻንጉሊት አሟልቶላት ወደ ሕንድ ይመለሳል። በአሥራ አንደኛው ልደቷ ቀን፣ ድግሱ ደርቶ ሳለ፣ የአባቷ ጠበቃ ይመጣል። ካፒቴኑ ገንዘቡን ሁሉ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር በአልማዝ ማዕድን ላይ አፍስሶ ነበር። ማዕድኑ ከሰረ ተባለ፣ ጓደኛው ጥሎት ሸሸ፣ እሱም በንዳድ ታሞ ሞተ። በእኛ አገር መርዶ የራሱ ወግ አለው፤ ሰዓት ይመረጥለታል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛው ልጅ ከሆነ ደግሞ አቅፎ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። የሳራን መርዶ የያዘችው ግን አበዳሪ ናት። ሚስ ሚንቺን ዜናውን እንደሰማች መጀመሪያ የምታስበው ለድግሱና ለስጦታው ከኪሷ ያወጣችውን ገንዘብ ነው፤ መርዶውን እንድትነግር እህቷን ትልካለች፤ ከዚያም ሳራን ራሷን ጠርታ ጣሪያ ሥር ወዳለችው ክፍል ትሰዳታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳራ ለወጥ ቤቱ ትላላካለች፣ ለትንንሾቹ ፈረንሳይኛ ታስተምራለች፣ በርኅራኄ ስም ያለ ደመወዝ ታገለግላለች።

በርኔት ከዚህ በኋላ የምታደርገው ነገር በልጆች መጻሕፍት ዘንድ ብዙም የተለመደ አይደለም፤ የልጅቷን ትልቁን ኃይል እየፈተነች ወሰኑን ታሳያለች። ሳራ የምናብ ሰው ናት። ክፍሏን የባስቲል እስር ቤት አድርጋ ታስባለች፣ ከግድግዳው ወዲያ የምታድረው የወጥ ቤት ገረድ ቤኪ እስረኛ ጎረቤቷ ትሆናለች፣ ከጉድጓድ የምትወጣው አይጥ ሜልኪሴዴቅ የሚል ስም ይወጣላታል። ሆኖም አንድ ምሽት፣ ቀኑን ሙሉ በብርድና በረኃብ ስትላላክ ውላ ስትመለስ፣ አሻንጉሊቷ ኤሚሊ እንደ ወትሮው ዝም ብላ ተቀምጣ ታገኛታለች። ሳራ በንዴት መትታ ከወንበሩ ትጥላታለች፤ አልቅሳ የማታውቀው ልጅ እዚያ ትንሰቀሰቃለች። አሻንጉሊት አሻንጉሊት ብቻ እንደሆነች ታውቃለች ማለት ነው። ምናብ ያበረታል እንጂ አያሞቅም፣ አያበላም፣ የሞተም አያስመልስም። ይህን ወሰን ያየ አንባቢ ነው ቆይቶ የሚመጣው እርዳታ ከሰው እጅ መምጣቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባው።

ደራሲዋ ይህን ከሩቅ ሆና አልጻፈችውም። በ1849 ማንችስተር ስትወለድ ቤተሰቡ ደህና ኑሮ ነበረው፤ አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ሞተ። እናቷ የቤተሰቡን ንግድ ብቻዋን ስትጎትት ቆየች። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የጥጥ ንግዱን ሲያቋርጠው ማንችስተር ደኸየች፤ ቤተሰቡም በ1865 ወደ ቴነሲ ተሰደደ። የሳራን ታሪክ በ1888 በአጭር ልብ ወለድ መጽሐፍ መልክ አሳተመችው። ከሁለት ዓመት በኋላ የበኩር ልጇ ላዮኔል በአሥራ ስድስት ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ውስጥ ሞተባት። ታሪኩን በ1902 ለለንደን መድረክ ተውኔት አድርጋ ስትጽፈው፣ በ1905 ደግሞ አስፋፍታ ዛሬ የምናውቀውን ልብ ወለድ ስታወጣው ልጅ የቀበረች እናት ነበረች። አዳዲስ ሰዎች ጨመረች፣ አዳዲስ ምዕራፎች ጨመረች። ካፒቴን ክሩን ግን ከመቃብሩ አላስነሣችውም። ሕንድ ሩቅ ነው፣ የመርዶ ስሕተት በልብ ወለድ ዓለም የተለመደ ዘዴ ነው፣ መድረክም ደስታን ይወዳል፤ አባትየውን ለመመለስ ምቹ አጋጣሚ ሦስት ጊዜ አግኝታ ሦስቱንም ጊዜ ትታዋለች።

በአባትየው ፈንታ ያመጣችልን ካሪስፎርድን ነው። ካሪስፎርድ ያ የሸሸው ጓደኛ ነው። ማዕድኑ ከሰረ ብሎ በድንጋጤ ጠፋ፣ ታመመ፣ አእምሮው ታወከ፤ ሲሻለው ማዕድኑ በአልማዝ የተሞላ ሆኖ ተገኘ፣ ጓደኛው ግን ሞቶ ነበር። ያ ጓደኛ አንዲት ልጅ እንደነበረችው ያውቃል፤ የት ትምህርት ቤት እንደገባች አያውቅም። እናቷ ፈረንሳዊት ስለነበረች ፓሪስ ውስጥ ያስፈልጋታል፤ ጠበቃውን እስከ ሞስኮ ይልካል። ራሱ ደግሞ ለንደን ውስጥ ቤት ይከራያል፤ ቤቱ ከሚስ ሚንቺን ትምህርት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሳራ የድንጋይ ከሰል ባልዲ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ፣ ከግድግዳው ማዶ የታመመ ሰው ስለ እሷ እያሰበ ይቀመጣል። ሕንዳዊው አገልጋዩ ራም ዳስ በጣሪያ መስኮት በኩል ልጅቷን አይቶ፣ ማንነቷን ሳያውቅ፣ ከጌታው ጋር ተማክሮ ሌሊት እሳት፣ ምግብና ብርድ ልብስ ያስገባላታል። እሷም በበኩሏ የማታውቀውን በሽተኛ ጎረቤት በልቧ ደህና እደር ትለዋለች። እውነቱ ሲወጣ ሳራ በመጀመሪያ የምታየው አባቷን ያጠፋውን ሰው ነው። ቀጥላ ደግሞ ወደ ጣሪያዋ ክፍል እሳትና ምግብ የላከላት እሱ እንደሆነ ትሰማለች። ተንበርክካም እጁን ትስማለች። አንድ አዋቂ ዕዳ እንዳለበት አምኖ፣ ዕዳውም ለሟቹ ሊከፈል እንደማይችል አውቆ፣ ለልጁ ሊከፍል ዓመታት ይፈልጋል፤ ልጅቷም ይቅር ማለት የአባቷን ምትክ ማግኘት እንዳልሆነ እያወቀች ይቅር ትላለች። የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው፤ አባትየው ከተመለሰ ደግሞ ይህ ሁሉ ቦታ የለውም።

ሆሊዉድ ካፒቴኑን ያስነሣው በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ በመጋቢት 1939 ባወጣው በዎልተር ላንግ ፊልም ሳራን የምትጫወተው በዘመኑ በዓለም እጅግ የታወቀችው ሕፃን ተዋናይት ሸርሊ ቴምፕል ናት። ታሪኩ ወደ ቦር ጦርነት ተዛውሯል፤ አባትየው በማፌኪንግ ከበባ ሞተ ይባላል። ሳራ ግን አታምንም። ከጦር ሜዳ በመጡ ቁስለኞች መካከል አባቷን ፍለጋ ሆስፒታል ለሆስፒታል ትዞራለች፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ትታይና ትረዳታለች፤ ልጅቷ በመጨረሻ ማንነቱን የረሳውን አባቷን ታገኘዋለች፣ እሱም ያውቃታል። ፊልሙ ቀለሙ ያማረ ነው፣ ቴምፕልም የምትችለውን ሁሉ ታደርጋለች። ለልጅ የሚያስተምረው ነገር ግን አስፈሪ ነው። መርዶውን አለመቀበል ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ አጥብቆ ያመነ አባቱን ያገኛል። በዚህ ሒሳብ አባቱን ያላገኘ ልጅ አጥብቆ አላመነም ማለት ነው። ፊልሙ ከወጣ ስድስት ወር ሳይሞላ ዓለም ሁለተኛው ጦርነት ውስጥ ገባ፤ አባቶቻቸው ከግንባር ያልተመለሱ ልጆችም ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም።

ኩዋሮን ከላንግ እጅግ የበለጠ ፊልም ሠሪ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ስሕተት የበለጠ ያስተምራል። ጸሐፊዎቹ ሪቻርድ ላግራቨኒስና ኤልሳቤጥ ቻንድለር ትምህርት ቤቱን ወደ ኒው ዮርክ፣ ጊዜውን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት አምጥተውታል። ሊያም ከኒንግሃም የሚጫወተው ካፒቴን ክሩ በመርዝ ጋዝ ተመትቶ ማንነቱን ይረሳል፤ ከትምህርት ቤቱ ጎን ያለው ሽማግሌ ቻርልስ ራንዶልፍ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ሳራ ፖሊስ ሊይዛት ሲመጣ በዝናብ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ተሻግራ ታመልጣለች፤ ተሸሽጋ በገባችበት ቤት አባቷን ታያለች። ትጠራዋለች፣ ታቅፈዋለች፣ ታስታውሰዋለች። ሰውየው ደግነት ባለው፣ ግን ባዶ በሆነ ዓይን ያያታል። ሚስ ሚንቺን ትደርሳለች፣ ካፒቴኑን ታውቀዋለች፣ ግን ልጅቷ አባት የላትም ብላ ለፖሊሶቹ ትነግራለች። ሳራ እየጮኸች ትወሰዳለች።

ፊልሙ እዚህ ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ደረጃ ይቆማል። አባት በአካል አለ፣ ግን አያውቃትም፤ ሞት ለልጅ የሚመስለው ይህን ነው። ስትጠራው አይሰማም፤ አለመስማቱ ደግሞ የእሷ ጥፋት አይደለም። ሊዝል ማቲውስ የምትጫወተው ሳራ እዚህ ትዕይንት ላይ የምታሰማው ድምፅ ለማንም ልጅ ቀላል አይደለም፤ ፊልሙም አያቀለውም። ወዲያው ግን በፊልሙም ውስጥ ባለው በራም ዳስ እርዳታ ካፒቴኑ ስሟን ያስታውሳል፣ ወደ ዝናቡ ሮጦ ይወጣል፣ ይተቃቀፋሉ፣ የፓትሪክ ዶይል ሙዚቃ ይነሣል። ተመልካቹ ያለቅሳል። ልቅሶው እውነተኛ ነው፤ ያስለቀሰው መፍትሔ ግን ለታሪኩ ባለቤቶች፣ ለሙት ልጆች፣ የተዘጋ ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ሞት በፊልሙ ውስጥ መኖሩ ነው። ራንዶልፍ ጆን የተባለ ወንድ ልጁን ወደ ግንባር ሸኝቷል፤ ጆን ይጠፋል፣ በኋላም መሞቱ ይታወቃል። ሽማግሌው ማንነቱን የረሳውን ወታደር ቤቱ የሚያስገባው ምናልባት ስለ ልጁ የሚያውቀው ነገር ይኖራል በሚል ተስፋ ነው። ፊልሙ እንግዲህ ሁለት የጠፉ ወታደሮች አሉት፤ አንዱ ይመለሳል፣ አንዱ አይመለስም። የማይመለሰው የጎን ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያለቅስለትም ልጅ ሳይሆን አረጋዊ ነው። በርኔት ለልጅቷ የሰጠቻትን ሐዘን ፊልሙ አንሥቶ ለጎረቤቷ አስረክቦታል። ራንዶልፍ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱን ይረከባል፣ ልጆቹም ይደሰታሉ፤ የሱ ሐዘን ግን ከዚያ ወዲያ አይነሣም። ጸሐፊዎቹ ጦርነት ልጆችን እንደማይመልስ ያውቁ ነበር፤ ያወቁትን ለልጆቹ ተመልካቾች መንገር ግን ከበዳቸው።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባል፤ ያጋጠማቸው የሙያ ችግር እውነተኛ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ በአብዛኛው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ከራም ዳስ ያመለጠች ዝንጀሮ ወደ ሳራ ክፍል ትገባለች፣ ሳራ ልትመልሳት ጎረቤት ቤት ትሄዳለች፣ ሕንድ እንደተወለደች በአጋጣሚ ይታወቃል፣ ከዚያ ጠበቃው ጠይቆ ሁሉም ይገለጣል። የካሪስፎርድ ጥፋት ያለፈ ታሪክ ነው፣ ጸጸቱም በውስጡ ነው፤ ካሜራ ያለፈንና የውስጥን በቀላሉ አያነሣም። 97 ደቂቃ ብቻ ላለው ፊልም ማሳደድ፣ ዝናብና መተቃቀፍ ግልጽ፣ የሚታይ ፍጻሜ ይሰጣሉ። ግን ያው መጽሐፍ ለካሜራ የተመቸ ሌላ ነገር አለው፤ ግድግዳው። በአንድ በኩል ሰውየው ጠበቃውን ወደ ሞስኮ ይልካል፣ በሌላው በኩል የሚፈልጋት ልጅ በርዷትና ርቧት ትተኛለች። ልብ ወለድ ይህን በተራ መናገር አለበት፤ ፊልም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱን ድምፅ ወደ ሌላው እያሻገረ፣ ተመልካቹን በልቡ «እዚያው ናት!» እንዲል ማድረግ ይችላል። ሉቤዝኪ ያንን ግድግዳ ቢያነሣው ምን ሊሠራበት እንደሚችል ማሰብ ያስቆጫል።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ልጆች ይዞ ሲኒማ የገባ ሰው የሞተ አባት አይፈልግም፤ የቤተሰብ ፊልም ተስፋ ሊሰጥ ይገባል ይላል። ተስፋ መስጠቱ ልክ ነው፤ ተስፋው የግድ የሞተውን ማስነሣት መሆን አለበት የሚለው ግን በራሱ በቤተሰብ ፊልም ታሪክ ይፈርሳል። በ1942 የባምቢ እናት ተገደለች፣ አልተመለሰችም። ኩዋሮን ፊልሙን ከማውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ዘ ላየን ኪንግ» ሙፋሳን በልጁ ዓይን ፊት ገደለው፤ ሙፋሳ ደመና ውስጥ ይታይ እንጂ አልተነሣም፤ ፊልሙም በዚያ ዓመት በዓለም ከታዩት ሁሉ የላቀ ገቢ አስገባ። አባቱን የመለሰው «ትንሿ ልዕልት» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያገኘው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው፤ የተሠራበትን ወጪ እንኳ አልመለሰም። ገቢው ያነሰበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፣ የፊልሙንም ጥራት አይለካም፤ ቢያንስ ግን የተነሣ አባት ትኬት ይሸጣል የሚለውን ስሌት አይደግፍም።

ከሁሉ የሚበልጠው መልስ የመጣው ከራሱ ከኩዋሮን ነው። በ2004 ሦስተኛውን የሃሪ ፖተር ፊልም ሠራ። እዚያም አንድ የሙት ልጅ አለ። ሃሪ ነፍስ የሚመጥጡ ፍጡራን ከብበውት ሊሞት ሲል፣ ከሐይቁ ማዶ አንድ ሰው በብርሃን አስማት ያድነዋል፤ ሃሪ የሞተው አባቴ ነው ብሎ ያምናል። በኋላ በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ እዚያው ሐይቅ ዳር ሆኖ አባቱን ይጠብቃል። አባቱ አይመጣም። መምጣት የነበረበት ሰው ራሱ እንደነበር ሃሪ ይገባዋል፣ አስማቱንም ራሱ ይሠራል። ሐሳቡ የደራሲዋ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ነው፤ ኩዋሮን ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያልደፈረውን እዚህ ላይ ሳያቅማማ ቀርጾታል፣ በዓለም ዙሪያም ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የገባበት የቤተሰብ ፊልም ሆኗል። ሐይቅ ዳር ቆሞ አባቱ እንደማይመጣ የሚገነዘበው ልጅና ጠመኔ ይዛ ክብ የምትስለው ልጅ አንድ ሰው ናቸው። ልዩነቱ ለሃሪ ዳይሬክተሩ እውነቱን መንገሩ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፣ ክብርም ይገባዋል። መጽሐፉ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ? ሳራ መጨረሻ ላይ እጅግ ባለጸጋ ትሆናለች፤ ሀብቱ ከቅኝ ግዛት ማዕድን የተቆፈረ ነው፣ ማን እንደቆፈረው አንድም ቦታ አይጠየቅም። ራም ዳስ ጠንቋይ መሰል ታማኝ አገልጋይ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቤኪ ነች። አብራት የተራበች፣ አብራት የተደበደበች ልጅ፣ በመጨረሻ የምታገኘው ሽልማት የሳራ ደንገጡር መሆን ነው። በርኔት ይህን እንደ ደስታ ነው የጻፈችው። የኩዋሮን ፊልም እዚህ ላይ መጽሐፉን ይበልጠዋል፤ በቫኔሳ ሊ ቼስተር የምትጫወተው ቤኪ ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ናት፣ በሳራና በእሷ መካከል ያለው ግድግዳ የዘር ግድግዳም እንደሆነ ፊልሙ አይሸሽግም፣ ፍጻሜውም ላይ የሳራ እህት ሆና በአንድ ሠረገላ ትሄዳለች። ይህ ለውጥ ትክክል ነው። ታማኝነት ማለት ደራሲ የጻፈውን ሁሉ መቅዳት እንዳልሆነም ያሳያል። ጥያቄው ለውጡ የታሪኩን ዋና ሐሳብ ወደፊት ይወስደዋል ወይስ ያፈርሰዋል ነው። ቤኪን እህት ማድረግ፣ ሰው ለሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል የሚለውን የበርኔትን ሐሳብ እሷ ራሷ ካቆመችበት አሻግሮ ይወስደዋል። ለዚህ ደግሞ የካፒቴኑ መነሣት አያስፈልግም ነበር፤ እንዲያውም ሁለት የሙት ልጆች በአንድ ጸጸተኛ ሰው ቤት እህትማማች ቢሆኑ ፍጻሜው የበለጠ ይጸና ነበር።

ሀብቱስ? አባትን መመለስና ሀብትን መመለስ ያው ተረት አይደሉም ወይ ለሚል፣ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ጠፍቶ ሊገኝ የሚችል ነገር ነው፤ በርኔት የመለሰችው የሚመለሰውን ብቻ ነው። ሀብታም የሆነችው ሳራ አሁንም አባት የላትም። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ደግነቷን ከሽልማቱ ለይቶ አስቀድሞታል። በከባድ ረኃብ ቀን መንገድ ላይ አራት ፔኒ ታገኛለች፤ ዳቦ ቤት ገብታ አራት ትገዛለች፣ ሻጯ አዝና ስድስት ትሰጣታለች፤ በር ላይ ከሷ የባሰች ልጅ ታገኝና ከስድስቱ አምስቱን ትሰጣታለች። ያን ጊዜ ሳራ የምትጠብቀው ምንም ነገር የለም። አባት የለም፣ አዳኝ የለም፣ የሚያያትም ያለ አይመስላትም። ከመስኮቷ ያየቻት ዳቦ ሻጯ ግን በዚያ ድርጊት ተነክታ ያችን የጎዳና ልጅ ቤቷ ታስገባታለች። መጽሐፉ የሚያልቀው ሳራ ካሪስፎርድን ይዛ ወደዚያ ዳቦ ቤት ሄዳ፣ የተራበ ልጅ ሲመጣ እንዲበላና ሒሳቡ ለእሷ እንዲላክ ስትነጋገር ነው። ከአባት ጋር ከመተቃቀፍ ይልቅ ከእንግዲህ ለማን ምን እናድርግ በሚል ውል ይዘጋል።

ከበርኔት ጋር የቀሩ ሥራዎች መኖራቸው ይህ ሁሉ የማይቻል ምኞት እንዳልሆነ ያረጋግጣል። በ1985 ኒፖን አኒሜሽን በ46 ክፍል የሠራው የጃፓን ካርቱን አባትየውን አላስነሣም፤ «ሳሊ» በሚል ስም ወደ ዓረብኛ ተተርጉሞ የዓረቡ ዓለም ልጆች በእንባ ተከታትለውታል። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን በስድስት ክፍል ያቀረበው ድራማ ካሪስፎርድን በሙሉ ክብሩ መልሶታል። ሁለቱም በተከታታይ የቀረቡ ናቸውና ለሐዘን የሚሆን ጊዜ ነበራቸው። ሁለቱ ባለድምፅ የሆሊዉድ ፊልሞች ግን ሳራ የዚያን ሰው እጅ የምትስምበትን ትዕይንት ዘለውታል። በርኔት ከሞተች በ2024 መቶ ዓመት ሞልቷታል፤ መጽሐፉን ማንም ያለ ፈቃድ ሊሠራው ይችላል። የሚቀጥለው ዳይሬክተር ኩዋሮን ያቆመውን አረንጓዴ ትምህርት ቤት፣ የጠመኔውን ክብ፣ የቤኪን ቦታ ሁሉ ከእሱ ይማር፤ ከዚያ ጥሩ ተዋናይ ፈልጎ ካሪስፎርድን ከግድግዳው ማዶ ያስቀምጠው፣ ካፒቴን ክሩንም በተቀበረበት ይተወው።